«ቀብድ» ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? ሻጭ ሐሳቡን የቀየረበት አንድ የቤት ሽያጭ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

የቤት ሽያጭ ውል ይዘው የጥብቅና ቢሮዬ የሚመጡ ገዢዎች ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሻጩ እምቢ አለ፤ በፍርድ ቤት አስገድጄ ቤቱን ማግኘት እችላለሁ?» እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ወረቀቱን ተቀብዬ አንድ ቃል እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ቀን የተከፈለው ገንዘብ ምን ተብሎ ተጽፏል? ብዙ ሰው ይህን ቃል ሳያየው ነው የሚፈርመው። ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ የቃሉን ክብደት እኔም ራሴ በደንብ የተረዳሁበት ነው። ገዢዋ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስምና ሰፈር አልጠቅስም።

መነሻው

ገዢዋ አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት በኪራይ የኖረች የሁለት ልጆች እናት ናት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደረሳትን እቁብ፣ ከባለቤቷ ጋር ያጠራቀሙትንና መኪናቸውን የሸጡበትን ብር አንድ ላይ አድርገው ቤት መፈለግ ጀመሩ። ደላላ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ባለ ሦስት መኝታ ቤት አሳያቸው። ሻጩ ጡረታ የወጡ፣ ቤቱን በራሳቸው ያሠሩ ሰው ናቸው። ዋጋው በ6,200,000 ብር ተቆረጠ።

ውሉ የተጻፈው ደላላው ቢሮ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረ የቆየ ውል ተከፍቶ ስምና ቁጥር እየተቀየረ። ጥድፊያው ወረቀቱ ላይ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ገዢዋ «አቶ» ተብላ ቀርታለች። ይህ ግን ምንም አልጎዳንም። የጎዳን ሌላ ነው። ተራ ቁጥር 3 «ገዢ ለሻጭ ብር 500,000 ቀብድ ከፍለዋል» ይላል። ተራ ቁጥር 5 ላይ ይኸው ገንዘብ «ቅድሚያ ክፍያ» ሆኗል። ቀሪው 5,700,000 ብር ሻጩ ክሊራንስ (ቤቱ ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማረጋገጫ) አውጥተው በ30 ቀን ውስጥ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው ሲፈርሙ ይከፈላል። መጨረሻው የተለመደው ማሰሪያ ነው፦ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር 100,000፣ ለመንግሥት ብር 50,000 ገደብ (የውል ማፍረሻ መቀጫ) ይከፍላል፤ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት የጸና ነው።

500,000 ብሩ በባንክ ተላለፈ። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ አንደኛው ራሱ ደላላው ነው። የሻጩ ባለቤት ገዢዎቹ ቤቱን ሊያዩ በሄዱ ቀን ቡና አፍልተው አስተናግደዋቸዋል፤ ውሉ ላይ ግን ፊርማቸው የለም። «እሷን አታስቡ፣ ሰነዶች ስንሄድ ትፈርማለች» አሉ ሻጩ።

ችግሩ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሰላም አለፉ። በመሀሉ ሻጩ «ክሊራንሱን ለማስጨረስ አጠረኝ» ብለው ተጨማሪ 40,000 ብር ጠየቁ። ገዢዋ ጥሬ ብር በእጃቸው ሰጠች፤ ደረሰኝ አልጠየቀችም። ከዚያ ስልክ አለማንሳት መጣ። 30ኛው ቀን አለፈ። በ34ኛው ቀን ደላላው ደውሎ «ሌላ ሰው ሰባት ነጥብ ሦስት ብሏል፤ አንድ ሚሊዮን ጨምሪና እንጨርሰው» አላት። እሷ ሦስት መቶ ሺህ ለመጨመር ተስማማች። አልበቃም። በማግስቱ ከሻጩ የቴሌግራም መልእክት ደረሳት፦ «ልጄ፣ ውጭ ያሉት ልጆቼ አትሽጥ ብለውኛል። ቤቱን አልሸጥም። ብርሽን መጥተሽ ውሰጂ።»

ሽማግሌዎች ገቡ። በሽምግልናው ቀን ሻጩ 500,000 ብሩን በሲፒኦ አዘጋጅተው፣ ከጎኑ አንድ የተተየበ ወረቀት ይዘው ቀረቡ፦ «ብር 500,000 ተመልሶልኛል፤ ከእንግዲህ በውሉ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም።» ገዢዋ እስክሪብቶውን ይዛ ነበር። ወንድሟ «ቆይ፣ አንድ ሰው እንጠይቅ» ብሎ ወደ ውጭ አስወጣትና እኔ ዘንድ ደወሉ። ስልኩ ላይ ያልኳት ሁለት ነገር ነው፤ አትፈርሚ፣ መልእክቱንም እንዳታጠፊው።

ሕጉ ላይ ያየናቸው መንገዶች

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ያልተፈጸመለትን ሰው በቁጥር 1771 ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል። ውሉ እንዲፈጸምለት መጠየቅ ይችላል፤ ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት። በሁለቱም ላይ የደረሰበትን ጉዳት መጠየቅ ይችላል። በግድ ለማስፈጸም ግን ቁጥር 1776 ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ጠያቂው በአፈጻጸሙ ልዩ ጥቅም ያለው መሆኑን፣ እና የባለዕዳውን የግል ነጻነት ሳይነኩ ማስፈጸም መቻሉን። ቤት ሁለተኛውን መስፈርት በቀላሉ ያልፋል፤ ስመ ሀብቱን ለማዛወር የሻጩን እጅ መጎተት አያስፈልግም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው «ቀብድ» የሚለው ቃል የሚመጣው። ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል፤ ይህ ለገዢ ጥሩ ነው። ቁጥር 1885 ግን ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ፣ ቀብድ የተቀበለም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል ይላል። ማለትም ቀብድ የተባለው ገንዘብ የመውጫ በር ዋጋ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ግን የዋጋው ከፊል ብቻ ስለሆነ ይህን በር አይከፍትም። ሻጩ እጥፉን ከፍሎ ቢወጣ ውል አፈረሰ አይባልም፤ ሕግ የሰጠውን መብት ተጠቀመ ነው የሚባለው። ገዢዎች «ቀብድ በልቶ ካደኝ» ሲሉ በሕጉ ዓይን ይህን በር ራሳቸው ከፍተው እንደሰጡት አያውቁም።

እጥፍ የሚለውንም ሰው በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። ገዢዋ መጀመሪያ ስትመጣ የምታስበው ራሷ የከፈለችውን 500,000 አስመልሳ፣ በላዩ ላይ ሌላ አንድ ሚሊዮን እንደምታገኝ ነበር። ሕጉ የሚለው የተቀበለውን እጥፍ ነው፤ በድምሩ 1,000,000 ብር። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የራሷ ነው።

ገደብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በቁጥር 1889 ተዋዋዮች የጉዳቱን መጠን አስቀድመው መቁረጥ ይችላሉ፤ ቁጥር 1890 ግን ገደብ መኖሩ ባለመብቱን ውሉ ይፈጸምልኝ ከማለት አያግደውም ይላል። ስለዚህ ገደብ ሻጩን ያስፈራል እንጂ መውጫ አይሰጠውም፤ ቀብድ ግን ይሰጠዋል። በአንድ ውል ውስጥ ሁለቱም ሲጻፉ፣ እንደኛው ውል ያው ገንዘብ ደግሞ አንዴ ቀብድ አንዴ ቅድሚያ ክፍያ ሲባል፣ ለክርክር ሰፊ ሜዳ ይከፈታል።

ሁለተኛው ፍርሃቴ የውሉ ፎርም ነበር። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ቁጥር 1720 ሕጉ ያዘዘውን ፎርም ያልያዘ ውል ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ላይ ይህን አጥብቆ ተርጉሞት ስለነበር ብዙ የደላላ ቢሮ ውል በዚያ ምክንያት ወድቋል። ከዚያ በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች ግን ተዋዋዮቹ መዋዋላቸውን እስካልካዱ ድረስ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም ወደሚል አቋም መጥቷል። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የሰጡት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የእኛ ጉዳይ የሚንጠለጠለው ሻጩ «ተዋውለናል» በማለታቸው ወይም በመካዳቸው ላይ ነበር።

ሦስተኛው የሚስት ፊርማ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ በአንቀጽ 69 መሠረት ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ውሉ መኖሩን ካወቀበት 6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ከ2 ዓመት ያልበለጠ ነው። ይህ ጥያቄ የሚስት ነው። ፈርሞ የሸጠው ባል «ሚስቴ አልፈረመችም» ብሎ ከራሱ ውል እንዲያመልጥ የተጻፈ አይደለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የጻፍነው ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ ቁጥር 1775 ይናገራል፤ የቴሌግራሙ መልእክት ለዚህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም በስልክ መልእክት ላይ ብቻ መተማመን አልፈለግሁም። በአደራ ደብዳቤ የ15 ቀን ጊዜ ሰጠናቸው። በዚያው ጊዜ ገዢዋ ቀሪው 5,700,000 ብር በሂሳቧ ውስጥ መኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኳ አስወጣች። በኋላ ሻጩ «ብሩ ሞልቶላት አያውቅም» የሚል ነገር ሲጀምሩ አፋቸውን የዘጋው ይህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

15 ቀኑ መልስ ሳይመጣ አለፈና በታኅሣሥ ክስ መሠረትን። ዳኝነቱን በአማራጭ ጠየቅን። በዋናነት የከፈልነው ቅድሚያ ክፍያ ስለሆነ ውሉ ይፈጸምልን፣ ስመ ሀብቱ ይዙርልን። ይህ ካልሆነ ቀብድ ነው ከተባለ እጥፉ 1,000,000 ብር ከነወጪው ይከፈለን። በአማራጭ መጠየቅ ድክመት የሚመስላቸው ደንበኞች አሉ። እኔ እንዲህ ባለ ሁለት ስም ባለው ውል ላይ ያለ አማራጭ ክስ አላቀርብም።

ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ማመልከቻ አቀረብን። ውድቅ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃለ መሐላው ላይ «ቤቱ ሊሸጥ ይችላል» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ሊሸጥ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አላያያዝኩም። ገዢዋን ጠርቼ ስልኳን አንድ በአንድ ስናይ የደላላው መልእክት ተገኘ፦ «እስከ ሐሙስ አሳውቂኝ፣ ሌላኛው ሰው ሊፈርም ነው።» ከቴሌግራሙ መልእክት ጋር አትመን በአዲስ ቃለ መሐላ ስናቀርበው በጥር እግዱ ተሰጠ። ክፍለ ከተማው ስመ ሀብቱን እንዳያዛውር፣ ሰነዶች ማረጋገጫም በቤቱ ላይ የሽያጭ ውል እንዳይመዘግብ ታዘዘ። ትእዛዙን ፖስታ እስኪያደርሰው አልጠበቅንም። የገዢዋ ባለቤት ማኅተም የተደረገበትን ወረቀት ይዞ በዚያው ቀን ሁለቱም ጋ አድርሶ ገቢ መሆኑን አስፈርሞ መጣ።

የሻጩ መልስ

በመጋቢት የደረሰን መከላከያ መልስ ሦስት ነገር ይላል። ውሉ ስላልተመዘገበ ረቂቅ ነው፤ ባለቤቴ ስላልፈረመች ውሉ አይጸናም፤ ውል ነው ቢባል እንኳ የተቀበልኩት ቀብድ ስለሆነ እጥፉን ከፍዬ የመውጣት መብት አለኝ። ለእኛ ከሁሉም የጠቀመን ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ የመልሱ የመጀመሪያ መስመር ነው፦ «ከከሳሽ ጋር በተባለው ቀን የሽያጭ ውል የተዋዋልን ቢሆንም…» ይህች «የተዋዋልን ቢሆንም» የምትል ሐረግ የመጀመሪያውን መከላከያ ግማሽ ጉልበቱን አሳጣችው። ሦስተኛው መከላከያም ራሱ ውል መኖሩን ይዞ የሚነሳ ነው። ጠበቃ ለጠበቃ እናገራለሁ፤ ልክደው ከማልችለው ነገር ጋር ክህደት አልደባልቅም።

ሦስተኛው መከላከያ ግን ባዶ አልነበረም። ተራ ቁጥር 3 ላይ በቀጥታ «ቀብድ» ተጽፏል፤ ገዢዋም ፈርማበታለች። ቁጥር 2005 የጽሑፍ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል፤ ቁጥር 2006 ደግሞ በሰነዱ ላይ የሠፈረውን ቃል ፈራሚዎቹ በምስክር እንዳይቃወሙት ይከለክላል። «ስንነጋገር ቀብድ አላልንም» የሚል ምስክር ማምጣት አንችልም ነበር።

ያልሠራው

40,000 ብሩ ቀረ። ሻጩ ካዱ፤ ደረሰኝ የለም፣ የሰማ ሰውም የለም።

ደላላውን ምስክር አድርገን ቆጥረን ነበር። ቢሮው ሄጄ ሳነጋግረው ውሉ መፈረሙን ያስታውሳል፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ግን «ብዙ ደንበኛ አለኝ፣ አላስታውስም» አለ። ሁለተኛውን ገዢ ያመጣው እሱ ራሱ ነበርና አያስገርምም።

የሽምግልናው ሦስት ሳምንትም ጠቀመን ማለት አልችልም። ሽማግሌ ማስገባት ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈም፣ እግድ አልተጠየቀም፣ ሁለተኛው ገዢም ዋጋ እየተነጋገረ ነበር። ሽምግልናና ማስጠንቀቂያ ጎን ለጎን መሄድ ይችሉ ነበር።

ውጤቱ

ጉዳዩ በሚያዝያ ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ተመራ። ሻጩን ወደ ጠረጴዛው ያመጣቸው የሕግ ክርክራችን ነው ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። ያመጣቸው እግዱ ነው። ሁለተኛው ገዢ ለአራት ወር ጠብቆ «እግድ ያለበት ቤት አልገዛም» ብሎ ሄዷል። ቤቱን ለእኛም አልሸጡም፣ ለሌላም መሸጥ አልቻሉም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሻጩ 600,000 ብር አቀረቡ። በሁለተኛው 900,000። በሦስተኛው የሻጩ ባለቤት አብረው መጡ። ከገዢዋ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ቡናውን ባፈሉ ቀን ነው፤ ሰላምታ ተለዋውጠው አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። በግንቦት በ1,080,000 ብር ተስማማን፤ እጥፉ 1,000,000 እና ለወጪ 80,000። ስምምነቱ በፍርድ ቤት ጸድቆ መዝገቡ ተዘጋ፤ ገንዘቡ በሁለት ጊዜ እስከ ሐምሌ ተከፍሎ ሲያልቅ እግዱ ተነሳ።

ገዢዋ አሸነፈች ማለት ይከብዳል። በትርፍ ያገኘችው 500,000 ብር ነው። በዚያ ወቅት በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ቤት የሚጠየቅበት ዋጋ ከ7,500,000 ብር አልፏል። ለምን እስከ ፍርድ አልሄድሽም ለሚሉ ሰዎች የነገረችኝ መልስ ይህ ነው፦ ዋናውን ጥያቄ ብታሸንፍ ቤቱን ታገኛለች፤ ይግባኝና ሰበር ተጨምሮበት ግን 5,700,000 ብሩን ሳትነካ ስንት ዓመት ትቀመጣለች? «ተራ ቁጥር 3» ደግሞ እዚያው ወረቀት ላይ ነው፤ የትም አይሄድም።

ለሌላ ገዢ የሚጠቅመው

ቤቱን ራሱን የምትፈልጉ ከሆነ «ቀብድ» የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ አይግባ። ገንዘቡ የዋጋው ከፊል መሆኑ ይጻፍ። በተቃራኒው ራሳችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ ለምሳሌ የባንክ ብድር ገና ካልተፈቀደላችሁ፣ ቀብድ ይሻላችኋል፤ የምታጡት የታወቀ ነው። ቃሉ በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው የትኛውን እንደመረጡ ሳያውቁ መፈረም ነው።

የቀብዱ መጠንም ይታሰብበት። ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቀብድ ለገዢው ምቹ ይመስላል፤ ገበያው ሲንር ግን ሻጩ በርካሽ የሚወጣበት በር ይሆናል። እዚህ ጉዳይ ላይ ሁለተኛው ገዢ ያቀረበው ጭማሪ 1,100,000 ብር ሲሆን ሻጩን መውጣቱ የሚያስከፍለው 500,000 ብቻ ነበር። ሒሳቡን ደላላው ከሁላችንም ቀድሞ ሠርቶታል።

የባልና ሚስት ፊርማ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይሁን፤ «በኋላ ትፈርማለች» የሚባል ነገር የለም። ያገቡ አይደሉም ከተባለ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ። የሚመለስላችሁን ገንዘብ ስትቀበሉ ደግሞ ወረቀቱን አንብቡ፤ «ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለበት በከፊል መቀበላችሁንና ቀሪ መብታችሁ እንደተጠበቀ መሆኑን ካልጻፋችሁ አትፈርሙ። ሻጩ እምቢ ያለበትን መልእክት፣ የደወለበትን ሰዓት፣ የደላላውን ጽሑፍ ሁሉ አታጥፉ፤ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት አሳትሙት።

ገዢዋ በ2015 ዓ.ም. ሌላ ቤት ገዛች፤ ያነሰ፣ ከመንገድም ትንሽ ራቅ ያለ። በዚህኛው ጊዜ የመጀመሪያው ብር የተከፈለው ባልና ሚስቱ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው በፈረሙበት ዕለት ነው። ውሉን እኔ ነኝ ያረቀቅሁት፤ ተራ ቁጥር 4ን ግን እሷ ናት ቆማ ያስጻፈችኝ፦ «ይህ ክፍያ የሽያጩ ዋጋ አካል የሆነ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም፤ ሻጮች የተከፈላቸውን እጥፍ በመመለስ ከውሉ መውጣት አይችሉም።»